የሚያጥበው ሰው

ወንድሜ ሰላህ በረንዳው ላይ ቆሞ፣ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሀል ወትፎ፣ «እግሩን ትንሽ ያመዋል እንጂ ሌላ ምንም የለበትም፤ አልሐምዱሊላህ!» ሲል ሰማሁት። እኔ ግቢው ውስጥ ቧንቧው ሥር አንሶላ አጥባለሁ። እግሩን ትንሽ ያመዋል የተባለለት ሰው የእናት የአባቴ ልጅ አብዱልበሲጥ ነው። አብዱልበሲጥ በዚህ ሁሉ ዕድሜው አንድ ቀን በእግሩ ቆሞ አያውቅም። ሲወለድ ምጡ ጠንቶ ታፍኖ ቆይቶ ነው ይላሉ። እጁን ወደ አፉ ሲልከው ጆሮው ላይ ያርፋል፤ አንገቱ በፈለገው ጊዜ ይዞራል፤ ቃሉ ከጉሮሮው እየተጎተተ ስለሚወጣ ከእናቴና ከእኔ በቀር የሚናገረውን የሚለይ ሰው አልነበረም። አእምሮው ግን ከእኔም ከሰላህም የሰላ ነው። መንገድ ዳር ካለችው የመጋረጃና የአንሶላ ሱቄ የሚለየው አንድ ግድግዳ ስለሆነ፣ የትኛዋ ደንበኛ ልትገዛ የትኛዋ ልታደርቀኝ እንደመጣች አልጋው ላይ ሆኖ በድምፃቸው ብቻ ያውቃል። እግሩን ትንሽ ያመዋል ይበልልኝ! አንሶላውን የሰላህ አንገት አስመስዬ ጨመቅሁት።

ሰላህ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር። የአባታችን የፊተኛዋ ሚስት ልጅ ነው፤ ወረታ ላይ ሩዝ ይነግዳል፤ አባታችን ከሞተ ወዲህ ለረመዳንም ለዓረፋም ጆንያውን ልኮልን ያውቃል እንጂ አጉድሎብን አያውቅም። ትናንት በአይሱዙው መጣና ራቱን እየበላ ነገሩን ዘረገፈው። ይፋግ ላይ ሀቢባ የምትባል፣ ባሏን የፈታች ሴት አለች፤ ወንድሟ የሰላህ ደንበኛ ነው። ዛሬ ትመጣለች። ከዐሱር ሶላት በኋላ የሰፈራችን ሼህ ሙሔ መጥተው ለአብዱልበሲጥ ኒካሕ ያስሩለታል። ከዚያ ወዲያ ሚስቱ ናት፤ ታጥበዋለች፣ ታጎርሰዋለች፣ አንቺም ወገብሽ ያርፋል። እንዲህ ሲለኝ ሩዝ ከአንዱ መጋዘን ወደ ሌላው የሚያዛውር ነው የሚመስለው። እኔም፣ ወላሂ፣ አልተቃወምሁም። እሺ ብዬ ገብቼ ተኛሁ፤ ደግሞም ጥሩ እንቅልፍ ነው የተኛሁት። ይቺ «እግሩን ትንሽ ያመዋል» የምትለው ነገር ጆሮዬ ባትገባ ኖሮ እሺ እንዳልሁ እቀር ነበር።

ሰው አምጣ ብዬ ያስጨነቅሁት ደግሞ ራሴ ነኝ። እማዬ ባለፈው ረጀብ ወደ አኼራ እስክትሄድ ድረስ ስለ አብዱልበሲጥ የተጨነቀ ሰው አልነበረም። ታጥበዋለች፣ ታገላብጠዋለች፣ ታጎርሰዋለች፤ እኛም ይህ ነገር በራሱ የሚሆን ይመስለን ነበር። እሷ ስትሄድ መጀመሪያ ሠራተኛ ቀጠርን። ልጅቱ ደህና ነበረች፤ ጎረቤቱ ግን «ባዳ ሴት የትልቅ ወንድ ገላ ታጥባለች እንዴ?» እያለ አፉን ከፈተ፤ እሷም አፈረች፣ እሱም አፈረ፣ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ሄደች። ወንድ እንቅጠር ስንል ያው ጎረቤት «ያላገባች ሴት ባለችበት ቤት ባዳ ወንድ ሊያድር?» አለ። ሴት ብንቀጥር ለእሱ ባዳ፣ ወንድ ብንቀጥር ለእኔ ባዳ። አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ አቤት ብል ዊልቸር ሰጡኝ፤ አላህ ይስጣቸው፤ የሚያጥበውንስ ስላቸው «እሱ የቤተሰብ ጉዳይ ነው» አሉኝ። ቤተሰብ ማለት እንግዲህ እኔ ነኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ በዳበሳ አጥበዋለሁ፤ እሱም ዓይኑን ጨፍኖ ይታጠባል፤ ስንጨርስ ሁለታችንም ግማሽ ቀን አንነጋገርም። ባለፈው ሳምንት ታዲያ እርጥቡ ወለል አንሸራተተኝና እንዳቀፍሁት ተያይዘን ወደቅን። የእሱ ቅንድብ ተተረተረ፤ የእኔ ወገብ ቋ አለ። እዚያው እርጥቡ ላይ እንደተቀመጥሁ ለሰላህ ደወልሁና «አልቻልሁም! ወይ ውሰደው ወይ ሰው አምጣ!» ብዬ አለቀስሁ። እሱም ሰው አመጣ። ታዲያ አሁን ምን ሆንሁ?

«ወንድም ጋሼ፣ እግሩን ትንሽ ያመዋል ነው የምትላቸው?» አልሁት አንሶላውን ገመዱ ላይ እየወረወርሁ።

«ታዲያ ውሸት ነው? አያመውም?»

«ልጅቱ ስትመጣ ዓይን የላትም?»

«ከመጣች ወዲያ ያለው በአላህ እጅ ነው። ወንድሟ ቤት ስትሽቆጠቆጥ ከምትኖር የራሷ ቤት ይኖራታል። ሰው የማይለምደው ነገር የለም፣ ሰሚ።»

«ለእሱስ ነገርኸው?»

«ለማን?»

ለማን አለኝ እኮ! ወይ ጉድ! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ እሰማ ነበር፤ ሊሞሸር ነው የተባለው ሰው ከግድግዳው ወዲያ ሬዲዮ እያዳመጠ፣ ታላቅ ወንድሙ «ለማን» ይላል። ሰላህም የኪሎ ሥጋ ዋጋ ከወረታ ምን ያህል እንደሚወደድ ማውራት ጀመረ፤ እኔም ሥጋ እዚህ ባህር ዳር ዓባይ ማዶ ሁልጊዜም ውድ ነው ብዬ መለስሁለት። ሁለታችንም ስለ ሥጋ አልነበረም የምናስበው። ትንሽ ቆይቶ፣ ጆንያ የሚሸከምለትን ይማምን ጠርቶ፣ የእንግዳ ሥጋ ሊገዙ ወጡ።

ለአብዱልበሲጥ ቁርሱን ይዤ ገባሁ። ክፍሉ ጠባብ ናት፤ የእሱ አልጋ በመስኮቱ በኩል፣ የእማዬ አልጋ በበሩ በኩል ነው። የእማዬን አልጋ አላነሳነውም፤ ልብሷን ሰጥተን ፍራሹን አጽድተን ስናበቃ አልጋው ላይ እጃችን አልሄደም። ገንፎውን አቀዝቅዤ በትንንሹ አጎረስሁት። ባህር ዳር ከተማ ትናንት ተሸንፎ ስለነበር ፊቱ እንደጠቆረ ነው፤ ቡድኑ ሲሸነፍ የአሠልጣኙን ጥፋት ሁሉ ለእኔ ነው የሚያስረዳኝ። ዛሬ ግን ስለ ኳስ አላወራም። ጉንጩን ስጠርግለት «ሰላህ ምን ሊያደርግ መጣ?» አለኝ። «ሩዝ ሊያደርስ» አልሁት። «ረመዳን ነው እንዴ?» አለ። «ሰው በረመዳን ብቻ ነው ሩዝ የሚበላው?» ብዬ ተቆጣሁ። ቅንድቡ ላይ ያለችውን ፕላስተር ወደ እኔ አዙሮ አየኝ። እንዲህ ሲያየኝ ነው የሚፈጀኝ። ለእሱ ብናገር ይቆጣል፤ ቢቆጣ እንቢ ይላል፤ እንቢ ቢል ነገም እኔና እርጥቡ ወለል ነን። ባልነግረው ደግሞ ሰውን ተኝቶ ሳለ እንደ መዳር ነው። ሳህኑን ይዤ ወጣሁ።

ሀቢባ ከሚኒባስ ወርዳ እንደምትጠብቅ ሰላህ ደውሎ ሲነግረኝ ሱቁን ዘግቼ ሄድሁ። ያገሬ ሰው ዓባይ ማዶ ላይ ሲወርድ እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ባጃጁ ከግራ ከቀኝ «ፔዳ! ፔዳ! ገበያ!» እያለ ያዋክበዋል። እሷ ግን ፌስታሏን በደረቷ ይዛ ከአንድ የስልክ ካርድ መሸጫ ጥላ ሥር ጸጥ ብላ ቆማለች። ዕድሜዋ እንደ እኔ ነው፤ ወይ ትንሽ ታንሳለች። ጥቁር ሻሽ አድርጋለች። «አንቺ ነሽ እህቱ?» ብላ እጇን ስትዘረጋልኝ ጣቶቿ ቀልተዋል። እንሶስላ ሞቃ ነው የመጣችው! ሴትየዋ እንደ ሙሽራ እጇን አስውባ፣ እግሩን ትንሽ የሚያመው ባል ልታገባ መጥታለች። ያ አላህ! ቤቱ እዚያው ሁለት መታጠፊያ ወዲያ ነው፤ ግን እግሬ አልሄድ አለኝ። ባጃጅ አስቁሜ «ድልድዩን ተሻገርና ሐይቁ ዳር አድርሰን» አልሁት። «ኮንትራት ሁለት መቶ» አለ። ሌላ ቀን ቢሆን አንጀቱን በክርክር እበጣጥሰው ነበር፤ ዝም ብዬ ገባሁ።

ሐይቁ ዳር ዛፍ ሥር ዱካ ላይ ተቀምጠን አሳ አዘዝሁ። የሥራ ቀን ስለሆነ ሰው አልበዛም፤ ፎቶ አንሺዎቹ ይዞራሉ፤ አንድ ሰው ታንኳውን ከደንገሉ መሀል ይገፋል። ሀቢባ ሐይቁን ብዙም አላየችው፤ እነሱ ዘንድም ጎርፉ ሲመጣ ማሳው ሁሉ ሐይቅ ነው አለችኝ። የሩዝ አረም እንዴት ወገብ እንደሚቆርጥ አወራች፤ እኔም ስለ መጋረጃ አወራሁ፤ አሳው መጣ፤ ቢስሚላህ ብለን ጀመርን። ከዚያ እሾሁን እየለቀምሁ ሁሉንም ነገርኋት። እንደማይቆም፣ ካልደገፉት እንደማይቀመጥ፣ በእጁ እንደማይበላ፣ የሚናገረውን ማንም እንደማይሰማው፤ መታጠቡን፣ አንሶላውን፣ ሌሊት ሌሊት ማገላበጡን። ምንም አላስቀረሁም። ስናገር ፊቷን ላለማየት ዓይኔን ውሃው ላይ ተክያለሁ። እሷ መብላቷን ቀጠለች። ከዚያ «ይማታል?» አለችኝ።

«እጁ እሺ የት ይለዋል? እንኳን ሰው ሊመታ ዝንብ አያባርርም።»

«ይሳደባል?»

«መሳደቡንስ ይሳደባል። የሚሰማው እኔ ብቻ ነኝ እንጂ።»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመና «የፊተኛው ባሌ እጁም እግሩም ደህና ነበር» አለች። «በሁለቱም ነው የደበደበኝ። ወንድሜ እግሩን ያመዋል ሲለኝ፣ እንግዲያስ አይራገጥም ብዬ ነው የመጣሁ።»

«እንግዲህ ሰምተሻል፤ መኪና ላሳፍርሽ? መሳፈሪያውን እኔ እችላለሁ» አልኋት። ይህን ያልሁት ለእሷ አዝኜ ነው። ግን «አዎ» እንዳትለኝ እፈራ ነበር። ብትሄድ ማን ሊመጣ ነው? ብትቀር ደግሞ ይቺን እጇን አስውባ የመጣች ሴት ሽንት ጨርቅ ላይ ልንጥላት ነው። ትሂድልኝ ነው የምለው ትቅርልኝ? ወላሂ፣ እስካሁንም አላውቀውም። እሷ እጇን ታጥባ፣ ጣቶቿን አገላብጣ አየቻቸውና «እዚህ ድረስ መጥቼስ ሳላየው አልሄድም» አለች።

ቤት ስንደርስ ሰላህ በረንዳው ላይ ይንጎራደዳል። ለእሷ ጥርሱን አሳየ፤ ለእኔ ዓይኑን አጉረጠረጠ። ሀቢባ ጫማዋን አውልቃ፣ ማንንም ሳትጠብቅ፣ የአብዱልበሲጥን ክፍል ጠይቃ ገባች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። አብዱልበሲጥ እንግዳ ሲመጣ ገላው ይብስበታል፤ አንገቱ ተጠመዘዘ፣ ክንዱ ተነስቶ መስኮቱን መታው። እሷ ትንሽ ደንገጥ አለች፤ ደንገጥ ማለቷን አልደበቀችም። ከዚያ የእማዬ አልጋ ላይ ተቀመጠች። ከእማዬ መሞት ወዲህ ማንም ያልተቀመጠበት አልጋ ነው። «ሀቢባ እባላለሁ፤ ከይፋግ ነኝ። ላገባህ ነው የመጣሁ፤ ሰምተሃል?» አለችው። ሴት እንዲህ ትናገራለች እንዴ! እኔ ወደ ማዕድ ቤት ሸሸሁ። ሥጋውን እየከተፍሁ ጆሮዬን ብጥል መጀመሪያ ጩኸቱን ሰማሁ፤ ስሜን እየጠራ «ሩዝ! ሩዝ!» እያለ ይሰድበኛል። ከዚያ የእሷ ድምፅ «ቀስ ብለህ፤ እንደገና በለው» ሲል ሰማሁ። ከዚያ ሁለቱም ሳቁ። ሰላህ ብቅ ብሎ «አየሽ? ይኸው ተግባቡ» አለኝ፤ ጓዳ ገብቶ የማያውቅ ሰው ሽንኩርቱን ልላጥልሽ ሁሉ አለ።

ሼህ ሙሔ ዐሱርን ሰግደው መጡ። ጢማቸው እንደ ጥጥ የነጣ፣ ቀስ ብለው የሚራመዱ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው። ሳሎን በተነጠፈው መጅሊስ ላይ ተቀመጡ፤ አብዱልበሲጥን እኔና ሀቢባ ተረዳድተን ዊልቸሩ ላይ አድርገን አመጣነው። ሰላህ ቸኩሏል፤ ከጨለመ በኋላ ወደ ወረታ መንገድ መውጣት አይፈልግም። ሼህ ሙሔ ግን አይቸኩሉም። መጀመሪያ ወደ ሀቢባ ዞረው «ልጄ፣ የዚህን ወንድማችንን ሁኔታ ነግረውሻል?» አሏት።

«ዛሬ ሐይቁ ዳር እህቱ ነገረችኝ» አለች።

ሰላህ አየኝ። ምንጣፉን አየሁ።

«አውቀሽስ ትወጃለሽ?»

«እሱ ካለ እኔ እሺ።»

ሼሁ ወደ አብዱልበሲጥ ዞሩና «አንተስ፣ ልጄ?» አሉት። አብዱልበሲጥ ሰው ፊት መናገር ያፍራል፤ ከዓመት ዓመት ከእማዬና ከእኔ ውጭ ያነጋገረው ሰው የለም። ዛሬ ግን ተናገረ፤ ላቡ እየወረደ፣ ቃል በቃል እየጎተተ። እኔም እንደሁልጊዜው ተረጎምሁ፦ «‹አላገባትም። ጠልቻት አይደለም፤ እንደሷ የሚያስቅ ሰው አይቼ አላውቅም። ሚስት ባገባ ግን ሚስት እንድትሆነኝ ነው፤ እንድታጥበኝ ብዬ ሚስት አላገባም። ለመታጠብ ወንድ ፈልጉልኝ› ነው የሚለው።» ሀቢባ አቀርቅራ ጣቶቿን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች። ከፋት ወይስ ቀለላት? ፊቷን ባየውም አልገባኝም፤ ምናልባት እሷም አልገባትም።

ሰላህ ጭኑን በጥፊ መታ። «ወንድ! ወንድ! ያላገባች ልጃገረድ ያለችበት ቤት ወንድ አስገባና የሰፈሩ መሳለቂያ ልሁን?» ብሎ ወደ ግቢው አየ። ግቢው ውስጥ ይማም የሩዙን ጆንያ ከአይሱዙው እያወረደ ነው። ሰላህ አየው። ወደ እኔ ዞረ። ደግሞ አየው። ነጋዴ አይደል፤ አንዱ ገበያ ሲዘጋበት ሌላው ሲበራለት ፊቱ ላይ ታየኝ። «ሼህ ሙሔ፣ ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል» አለ። «ይማም ሶላቱን የማያዛባ፣ ጉልበት ያለው ልጅ ነው። ሚስት የለውም። ከሰሚሐ ጋር ኒካሕ ይታሰርለት። ያኔ የቤቱ ሰው ነው፤ ለማንም ባዳ አይሆንም። አብዱልበሲጥንም ያጥብልናል፤ እሷም እስከ መቼ ቆማ ልትቀር ነው? የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ይማም ደግሞ ምን ጎደለው?»

መጀመሪያ የሚቀልድ መሰለኝ። ከዚያ ማንም እንዳልሳቀ አየሁ። ይማም የሚባለውን ሳይሰማ ጆንያውን ደረደረ፤ እሱንም እኮ የጠየቀው የለም። ይህ ሁሉ ሲሆን ውስጤ የሆነውን ብናገር ማን ያምነኛል? ለአፍታ፣ እሺ ልል ነበር። የይማምን ትከሻ አየሁት። አብዱልበሲጥን እንደ ሕፃን ያነሳዋል። ወገቤ ያርፋል፣ ሱቄን ቀኑን ሙሉ እከፍታለሁ፣ ጎረቤቱም አፉን ይዘጋል። ትናንት ማታ ለሀቢባ እንዲሁ ነበር ያሰብሁላት፤ ቤት ይኖራታል፣ ጥላ ይኖራታል፣ ትለምደዋለች ብዬ። አሁን ያው ልብስ ለእኔ ሲለካ ጊዜ ጠበበኝ። ይህን ሰው የምፈልገው ለክንዱ ነው፤ እሱስ እኔን ለምን ይፈልገኛል? ማታ ማታ ምን እንባባላለን?

ሼህ ሙሔ «የመጣሁት ለአንድ ኒካሕ ነበር» አሉ። ትንሽ አሰቡና «ወልይዋ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ወልይ ማለት ሴቲቱን የሚድራት፣ «ሰጠሁ» የሚለው የቅርብ ወንድ ዘመዷ ነው። ሰላህ ደረቱን ነፍቶ «እኔ ነኛ!» አለ። ሼሁ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንተ በአባት ብቻ ነህ። የእናት የአባቷ ልጅ ለአካለ መጠን ደርሶ፣ አእምሮው ሙሉ ሆኖ እዚህ ተቀምጧል። ፊተኛው እሱ ነው» አሉና ዊልቸሩ ላይ ወዳለው ወንድሜ ዞሩ። «አብዱልበሲጥ፣ እህትህን ለዚህ ልጅ ትሰጣለህ?»

አብዱልበሲጥ ሼሁን አየ፣ ሰላህን አየ፣ መጨረሻ እኔን አየኝና መናገር ጀመረ። ረጅም ነገር ተናገረ፤ በሕይወቱ ሰው ፊት ያን ያህል ተናግሮ አያውቅም። እያንዳንዱን ቃል ሰምቻለሁ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረው እስክተረጉም ይጠብቃሉ። አፌን ከፈትሁ፤ ቃል የለም። ስለ እሱ ስናገር የሚፈታ ምላሴ ስለ ራሴ ሲሆን ተሳሰረ። ሰላህ ጠበቀ፣ ጠበቀና «እንግዲህ ወልይዋ ተናግሯል፤ እንቢ ቢል ኖሮ ይጮህ ነበር» አለ። «እሷም ዝም ብላለች። የልጃገረድ ፈቃዷ ዝምታዋ ነው፤ እርስዎም በየኒካሑ የሚሉት ነው፣ ሼህ ሙሔ።»

«‹እሷን ጠይቋት› ነው ያለው» አለች ሀቢባ።

ሁላችንም ወደ እሷ ዞርን። ሰላህ «አንቺ በምን አወቅሽ?» አላት።

«ከዙሁር ጀምሮ አብሬው ስጫወት አልነበር? ቀስ ብሎ ነው እንጂ ይናገራል እኮ» አለች፤ ምኑ እንዳስደነቀን አልገባትም። «መጀመሪያ ‹እሷን ጠይቋት› አለ። ከዚያ ወዲያ ያለው አልተለየኝም። እህቴ፣ አንቺ ንገሪያቸው እንጂ!»

አብዱልበሲጥ እንዴት እንደሳቀ! ዊልቸሩ እስኪነቃነቅ ሳቀ። እኔ ግን እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። «አልፈልግም» አልሁ። ድምፄ በጣም ጮኾ ወጣ፤ ይማም ከግቢ ቀና ብሎ አየ። «እሱን ጠልቼ አይደለም፤ ይማም ደህና ሰው ነው። ግን አልፈልግም። ወንድም ጋሼ፣ እኔ ሰው አምጣ ያልሁህ ባል አምጣልኝ ብዬ አይደለም!» ሼህ ሙሔ ቀስ ብለው «ከዚያ ወዲያስ ምን አለ?» ሲሉኝ፣ የቀረውን እንዳለ ነገርኋቸው።

«‹ዛሬ ብሞት፣ መግሪብ ሳይደርስ ስንት ወንድ ያጥበኝ ነበር? ማንም ሳይጠራው እጅጌውን ሰብስቦ ይመጣ ነበር። ደመወዝ አይጠይቅም፣ እህቴን አይጠይቅም። ታዲያ ወንድ እንዲያጥበኝ የግድ መሞት አለብኝ?› ነው ያለው።»

ሼህ ሙሔ የሰፈራችን ወንድ ሲሞት ሬሳውን፣ ጀናዛውን፣ የሚያጥቡ ሰው ናቸው። አባቴንም ያጠቡት እሳቸው ናቸው። ደጃፋችን ላይ የማይታወቁ ሰዎች ሁሉ ውሃ ሲቀዱ፣ ጨርቅ ሲይዙ፣ ሲሻሙ የነበረውን አስታውሳለሁ። ሽማግሌው መቁጠሪያቸውን በጣታቸው እንደያዙ ቀሩ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ዱዓ ያድርጉ፣ ነገሩን ይድገሙት አላውቅም። ከዚያ መቁጠሪያውን ኪሳቸው ከተቱ፣ ካፖርታቸውን አውልቀው መጅሊሱ ላይ አኖሩና የጀለቢያቸውን እጅጌ መሰብሰብ ጀመሩ። «ልጄ፣ ውሃው የት ነው?» አሉኝ። ከዚያ በመስኮቱ «ይማም፣ ና እስቲ አንሳልኝ!» ብለው ተጣሩ። ሰላህ ዞር ብሎ ሊወጣ ሲል «አንተስ ወዴት? ወንድሙ አይደለህም? ማን ከለከለህ?» አሉት። ሰላህ ቆመ። ወንድ ነው፣ ወንድሙ ነው፣ ለማንም ባዳ አይደለም፤ ይህን ሁሉ ጊዜ ይህ ነገር ለእሱም ለእኔም አልታየንም ነበር። ሰዓቱን ፈታ፤ የት እንደሚያስቀምጠው ሲቸግረው ለእኔ ሰጠኝ።

ወንዶቹ ይዘውት ገቡና በሩ ተዘጋ። እኔና ሀቢባ በሩ አጠገብ ቆመን ቀረን። የሰላህ ሰዓት እጄ ላይ ነው፤ ወጥቼ ልቀመጥ፣ ሥጋውን ልጣድ፣ ፎጣ ላቀብል አላወቅሁም። ነገ ማን ይመጣል? ሼሁ ስንት ቀን ይችላሉ? ሀቢባስ ዛሬ የት ታድራለች፣ ነገ ምን ብላ ይፋግ ትገባለች? አንዱንም የመለሰልን የለም። ከውስጥ «ያዘው! በዚህ በኩል ያዘው!» ይባባላሉ፤ ባልዲ ተንኳኳ፤ ውሃ ፈሰሰ። ድንገት አብዱልበሲጥ ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸ።

«ምን አለ? ምን ሆነ?» አሉ ሼህ ሙሔ ደንግጠው።

ሀቢባ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ እሷም ሰምታዋለች። እኔ በሩን ተደግፌ «‹ጀናዛ አይደለሁም፤ ሳሙናው ዓይኔ ገባ፣ ቀስ በሉ› ነው የሚልዎት!» ብዬ ጮኽሁ።